ሦስት እኩል ድንጋይ ጉልቻ ነው

(አዲስ አበባ ውስጥ ዓሣና የውሃ ዕፅዋት ለሚያሳድጉ ጓደኞች ከተናገርኩት የተጻፈ። አንዳንዱን አስተካክያለሁ፣ መጨረሻ ላይ የተጠየቅኩትንም ጨምሬያለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዙሪያውን ሳልዞር ልጀምር።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ባዶ የአኳሪየም መስታወት ነው። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36። ጢም ብሎ ቢሞላ 65 ሊትር ገደማ ይይዛል። ዛሬ ግን ውሃ አናስገባበትም። ዓሣም የለም፣ ቅጠልም የለም። ከጎኑ አንድ ሳፋ ድንጋይ፣ አንድ ጆንያ እንጨትና አንድ ባልዲ ጠጠር አለ። የማወራችሁ ስለነዚህ ብቻ ነው።

አብዛኞቻችን አኳሪየም ስንጀምር የምንሄደው በተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ዓሣው ዓይናችን ውስጥ ይገባል፣ እሱን እንገዛለን። ባዶ ቦታ ላይ ሲዋኝ ስናየው ያሳዝነንና ቅጠል እንጨምራለን። መጨረሻ ላይ ከግቢ ወይ ከመንገድ ዳር ያገኘነውን ድንጋይ ይዘን ውሃው ውስጥ ጣል እናደርጋለን። እኔም የጀመርኩት እንደዛ ነው። የመጀመሪያው አኳሪየሜ ውስጥ አሥራ አንድ ድንጋይ ነበረ፣ ሁሉም ቡጢ የሚያክሉ፣ ከግራ እስከ ቀኝ የተደረደሩ። ዓሦቹ ደህና ነበሩ፣ ቅጠሉም ይበቅል ነበር፣ ግን ማታ ማታ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ባየሁት ቁጥር የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል። ቅጠል ቀየርኩ፣ መብራት ቀየርኩ፣ ምንም የለም። ምን እንደጎደለ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አጥንት አልነበረውም።

ቅጠል ሥጋ ነው። ያድጋል፣ ይከረከማል፣ ይሞታል፣ ይተካል። ድንጋይና እንጨት ግን አጥንት ነው፤ አንዴ ውሃ ገብቶ ሥር ከያዘ በኋላ ላስተካክልህ ብትሉት ሁሉንም ነገር ታፈርሳላችሁ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል፤ ደረቁ ካላማረ እርጥቡ አያምርም። አንድም ቅጠል ሳይኖር፣ ጠብታ ውሃ ሳይገባ፣ ድንጋዩና እንጨቱ ብቻቸውን ዓይን የሚይዙ መሆን አለባቸው። ለዚህ ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ አይበቃም፤ አንድ ሳምንት ስጡት።

ይሄንን ለዓለም በደንብ ያሳየው ታካሺ አማኖ የሚባል ጃፓናዊ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ኒጋታ ውስጥ ተወለደ። በወጣትነቱ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። ከዚያ ትልልቅ ካሜራ ተሸክሞ የአማዞንን፣ የቦርኒዮንና የምዕራብ አፍሪካን ደን እየዞረ ያነሳ ፎቶግራፈር ሆነ፣ ጫካ ውስጥ ያየውንም መስታወት ውስጥ ለማምጣት ሞከረ። ከሱ በፊት በሰፊው የሚታወቀው የሆላንዶች አሠራር ነበር፤ እነሱ ቅጠሉን እንደ አትክልት መደብ በረድፍ በረድፍ ይተክላሉ፣ ድንጋይና እንጨት እምብዛም አይጠቀሙም። ያምራል፣ ግን የሰው እጅ እንደሠራው ወዲያው ያስታውቃል። አማኖ ድንጋዩንና እንጨቱን ወደ ፊት አመጣቸው። በ2015፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ፖርቱጋል፣ ሊዝበን ባለው ኦሴናሪዮ የሚባል ትልቅ የሕዝብ አኳሪየም ውስጥ 40 ሜትር ርዝመት ያለውና 160,000 ሊትር የሚይዝ ሥራ ሠርቶ አለፈ። እዛ ውስጥ ያለው ድንጋይ ከአዞረስ ደሴቶች የመጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሆነ እኛም ሀገር ሞልቷል፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ጃፓኖች ድንጋይ ብቻ የሚገንበትን አሠራር ኢዋጉሚ ይሉታል። ከአትክልት ስፍራዎቻቸው የመጣ ነው፣ መሠረቱም ሦስት ድንጋይ ነው። ሦስት ድንጋይማ እኛም እናውቃለን፤ ጉልቻ! ግን ልዩነቱን አስቡት። ጉልቻ የሚቀመጠው ድስቱ እንዳይዘም ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም ቁመታቸው እኩል፣ በመሃላቸው ያለው ርቀትም እኩል ነው። እናቶቻችን ይሄንን በዓይናቸው ብቻ ለክተው ያስተካክሉት ነበር። ይሄ ነገር እጃችን ውስጥ አለ መሰለኝ፣ ምክንያቱም ላልተነገረው ሰው ሦስት ድንጋይ ስጡት፣ ሳያስበው ጉልቻ ይሠራል። እዚህ ስንለማመድ ስንት ጊዜ አየሁት። መስታወት ውስጥ ጉልቻ ስትሠሩ ግን ዓይን ድስቱን ይፈልጋል። ተራራ አያይም፣ ገደል አያይም፤ አንድ ነገር ሊጣድበት የተዘጋጀ ቦታ ነው የሚያየው።

ኢዋጉሚ ውስጥ ድንጋዮቹ እኩል አይደሉም። ስምም አላቸው። ኦያይሺ ዋናው ነው፣ ትልቁ፣ ቤቱን የያዘው። ፉኩይሺ ሁለተኛው ነው፣ ከዋናው አንሶ ከጎኑ ሆኖ ሚዛን ይሰጠዋል። ሶኤይሺ ደግሞ የሁለቱ ደጋፊ ነው። ሱቴይሺ ደግሞ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው፤ “የተጣለ ድንጋይ” እንደማለት ነው። ትንሽ ነው፣ ቅጠሉ ሲያድግ ሙሉ በሙሉ ሊሸፈን ይችላል፣ ማንም ላያየው ይችላል። ግን ሳይኖር ሲቀር ዋናው ድንጋይ ብቻውን ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ስማቸውን አትሸምድዱት፤ ማዕረግ እንዳላቸው ግን አትርሱ።

ዋናው ድንጋይ ከምታስቡት በላይ ትልቅ ይሁን። ሰው ሁሉ የሚፈራው እዚህ ጋ ነው። መስታወቱ ትንሽ ስለሆነ ትንንሽ ድንጋይ እንፈልጋለን። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ አሥር ትንንሽ ድንጋይ ስትደረድሩ ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፣ ቦታው ይጠባል፣ የጠጠር ክምር ይሆናል። በዚህ መስታወት ዋናው ድንጋይ 24 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቢወጣ አትደንግጡ፣ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። ሁለተኛው ከዋናው በግልጽ ይነስ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። “በግልጽ” ያልኩት ልብ በሉ። ትንሽ ብቻ ካነሰ ዓይን እኩል ናቸው ብሎ ይደመድማል፣ ተመልሳችሁ ጉልቻ ላይ ናችሁ።

የት ይቀመጥ? መሃል ላይ አታድርጉት። ከ60 ሴንቲ ሜትሩ ከአንደኛው ጎን 37 ከሌላው 23 የሚሆንበት ነጥብ ላይ ዋናውን አሳርፉ። ወርቃማው ምጣኔ የሚሉት ነው፣ 1 ለ 1.618። በሚሊ ሜትር መለካት አያስፈልግም፤ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ቢል ማንም አያውቅም። መሃል ላይ ያለ ድንጋይ ግን መስታወቱን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ዓይን እዛው ተተክሎ ይቀራል። ጎን ላይ ሲሆን ዓይን ድንጋዩን አይቶ ወደ ባዶው ቦታ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ባዶውን ቦታ ለመሙላት አትቸኩሉ። እኔ ከአራት ነገር ሦስቱን ያወጣሁበት ቀን ነው የመጀመሪያው ደስ ያለኝ አኳሪየም የተገኘው።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይሄን ድንጋይ ጠጠሩ ላይ ዝም ብዬ አስቀመጥኩት። ምን ይመስላል? ተቀምጧል፣ አይደል? ሰው አምጥቶ ያስቀመጠው ነገር። አሁን ደግሞ ጠጠሩን ገፋ አድርጌ አንድ ሦስተኛውን ቀበርኩት፣ ትንሽም ወደ ቀኝ አዘነበልኩት። አሁን ከመሬት የወጣ ነው የሚመስለው፣ ከታች ብዙ ያለው። ገጠር የሚታይ አለት ሁሉ እንደዚህ ነው፤ ከላይ የምናየው ጫፉን ነው። ሌላም ነገር አለ። ትልቅ አለት አጠገብ ሁልጊዜ ፍርፋሪ ታገኛላችሁ፣ ፀሐይና ዝናብ ሰንጥቆ የጣለው። ስለዚህ ድንጋይ ስትሰባብሩ ፍርፋሪውን አትጣሉ፤ ዋናው ድንጋይ ሥር፣ በተለይ ጠጠሩና ድንጋዩ በሚገናኙበት መስመር ላይ በትኑት። ይቺ ብቻዋን ግማሹን ሥራ ትሠራለች።

ቀጥሎ ስለ መስመሩ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ዓባይ በረሃን የወረደ ሰው አለ? እሺ። መኪናው ሲጠመዘዝ ገደሉን አይታችሁታል፤ ንብርብሩ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ድንጋይ ላይ ያለው ጭረት፣ ስንጥቅ፣ የቀለም መስመር ትናንት የመጣ አይደለም፣ ተራራው ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነው። ስለዚህ አምስት ድንጋይ ስታስቀምጡ የአምስቱም መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂድ። አንዱ ቁም፣ አንዱ አግድም፣ አንዱ ሰያፍ ከሆነ ዓይን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይረበሻል። በዚሁ ምክንያት አንድ ዓይነት ድንጋይ ብቻ ተጠቀሙ። ቀይና ጥቁርና ነጭ ድንጋይ ተቀላቅሎ የሚያምርበትን አኳሪየም እስካሁን አላየሁም። እንጨቱም አንድ ዓይነት ይሁን።

ከፊት እስከ ኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ያለን። አንድ ስንዝር ተኩል። ይሄን ነገር ሸለቆ ማስመሰል ይቻላል፣ ጥልቀት ለዓይን መስጠት ይቻላል። አንደኛ፣ ጠጠሩ ወይም አፈሩ ከፊት 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከኋላ 12 ወይም 15 ይድረስ። ሁለተኛ፣ ትልልቁ ወደ ፊት፣ ትንንሹ ወደ ኋላ። መንገድ ወይም ደረቅ ወንዝ ከሠራችሁ ከፊት ሰፋ ብሎ ወደ ኋላ እየጠበበ ይሂድ፣ በቀጥታ ሳይሆን ትንሽ እየታጠፈ። ከፊት አራት ጣት ከሆነ ከኋላ አንድ ጣት። በቃ፣ ዓይን ሩቅ ነው ብሎ ያምናል።

ችግሩ ዳገቱ ይንሸራተታል። ውሃ ገብቶ፣ ዓሣ ነክቶት፣ ቀንድ አውጣ ሄዶበት በሦስት ወር ውስጥ ሜዳ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው ኮንሶ ሄዶ ማየት ነው። የኮንሶ ሰዎች ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካቡ ተራራውን እርከን በእርከን ይዘውታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እሱ ነው። እኛም የምናደርገው ያንኑ በትንሹ ነው። ከዋናው ድንጋይ ግራና ቀኝ፣ አፈሩ ሊፈስ በሚችልበት ቦታ ሁሉ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሁለት ወይ በሦስት ደረጃ አቁሙ። ቅጠሉ ሲያድግ አይታይም፣ አፈሩን ግን ይይዛል። ከኋላ ያለውን ከፍታ ሙሉ በሙሉ በውድ አፈር አትሙሉት፤ ስቶኪንግ ውስጥ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞልታችሁ ቋጥራችሁ ከሥር አስገቡት፣ ላዩን በአፈር ሸፍኑት። አይፈስም፣ አየርም ይኖረዋል፣ ገንዘብም ይቆጥባል።

ድንጋዩን ከየት እናገኛለን? ቢሾፍቱ አካባቢ፣ በስምጥ ሸለቆ ዳር፣ ቀዩና ጥቁሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ፣ መንገድ ሲሠራ ሬድ አሽ እያልን የምንደለድለው፣ እሱ ምርጥ ድንጋይ ነው። ውሃውን አይለውጥም፣ ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ ውሃ የሚያጸዱ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል፣ ሞስ፣ ማለትም ድንጋይና እንጨት ላይ ተጣብቆ የሚያድገውን ለስላሳ አረንጓዴ ተክል፣ ስታስሩበት ቶሎ ይይዛል። የሚጎድለው መስመር ነው፤ ክብ ክብ ስለሚሆን ዋና ድንጋይ የሚሆን ቅርጽ ለማግኘት ብዙ መምረጥ ያስፈልጋል። የተለመደው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ እሱም ደህና ነው፣ ስትሰብሩት ጥሩ ጠርዝ ይሰጣል። ባልጩት ግን አደራ አትጠቀሙ። ያብረቀርቃል፣ ያማልላል፣ ግን መስታወት ነው። ቆዳ ይፋቅበት የነበረ ድንጋይ ነው፤ ዓሣ ሲደነግጥ ተስፈንጥሮ ሆዱን ይቀደዋል፣ ስታጸዱም እጃችሁን። ከብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ድንጋይም እንጨትም አይነሳም፣ የተከለከለ ነው።

የኖራ ድንጋይን ለይታችሁ እወቁ። ግራጫ ሆኖ ነጭ ጅማት ያለው በጣም የሚያምር ድንጋይ አለ። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፣ ለአኳሪየም ነው ተብዬ፣ ሳልፈትነው አስገባሁት። እውነትም ለአኳሪየም ይሆናል፣ ግን ካልሲየሙ ቀስ እያለ እየሟሟ ውሃውን ጠንካራ ያደርገዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ዓይነት ውሃ። የነበሩኝ ለስላሳ ውሃ የሚፈልጉ ሽሪምፖች ነበሩ። በየቀኑ አንድ ሁለት እየሞቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ አለቁ። እኔ መድኃኒት ፍለጋ ስሮጥ ምክንያቱ መሃል ላይ ቆሞ እያየኝ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን የማላውቀውን ድንጋይ ሁሉ እንዲህ እፈትነዋለሁ። ድንጋዩን አድርቄ፣ ቦታውን ፋቅ አድርጌ አቼቶ ጠብ አደርግበታለሁ። ቱፍ ቱፍ እያለ አረፋ ካወጣ ኖራ አለው። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ አንዳንዴ አረፋው በጣም ትንሽ ነው፣ ጆሮ ጠጋ አድርጎ መስማት ወይም በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። ከተጠራጠርኩ ድንጋዩን ለብቻው ባልዲ ውስጥ ለአንድ ሳምንት እዘፈዝፈውና ውሃውን በመለኪያ በፊትና በኋላ አወዳድራለሁ። ኖራ ያለው ሁሉ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጠንካራ ውሃ የሚወዱ ዓሦች አሉ። አውቃችሁ አስገቡት ነው የምለው።

ድንጋይ ስታጸዱ በብሩሽና በሙቅ ውሃ ብቻ። ሳሙና አይነካውም። አትቀቅሉት ደግሞ! ውስጡ የታመቀ እርጥበት ሲሞቅ ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል።

እንጨት ይቀቀላል፣ ድንጋይ አይቀቀልም። ወደ እንጨቱ እንሂድ።

ገበያ ላይ ብዙ ዓይነት የውጭ እንጨት ይሸጣል፣ ውድ ነው። እዚሁ የሚገኘውም ይሠራል፣ ግን መስፈርት አለው። የሞተ፣ የደረቀ፣ ልጡ የተላጠ፣ ጠንካራ ይሁን፤ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ በስብሷል። ጥድና ባሕር ዛፍ ሙጫና ዘይት አላቸው፣ ተዋቸው። ቅንጭብና ቁልቋል ደግሞ ወተታቸው መርዝ ነው፣ ቢደርቁም አትጠጓቸው። ከአዲስ አበባ ወንዞች ዳር እንጨት አታንሱ፤ በአቃቂ ወንዞች ውስጥ የሚወርደውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እንጨት ደግሞ የጠጣውን መልሶ ይተፋል። እኔ ከሞከርኳቸው ሁሉ የምወደው የቡና ጉቶ ነው። ያረጀ ቡና ጉንደላ ሲደረግ ወይም ሲነቀል ሥሩ ይጣላል ወይም ይነደዳል። ዓመት ደርቆ የከረመ፣ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት ማሳ ከሆነ፣ ታጥቦ ልጡ ሲወርድ ቅርንጫፉ ጠመዝማዛ፣ ሥሩ እንደ ጣት የተዘረጋ ነው። ይሄ ጆንያ ውስጥ ያለው ከጅማ ዘመድ ያመጣልኝ ነው።

አዲስ እንጨት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ይንሳፈፋል፣ ውሃውንም ሻይ ያስመስላል። ሻዩ ታኒን ነው። ዓሣ አይጎዳም፣ እንዲያውም በአማዞን ተፋሰስ ሪዮ ኔግሮ የሚባለው ወንዝ ጥቁር የሆነው በዚሁ ዓይነት ነገር ነው፣ ከዛ የመጡ ዓሦች ይመቻቸዋል። ግን ብርሃን ይቀንሳል፣ ካልወደዳችሁት ቀቅሉት። ትልቅ ድስት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ውሃውን እየደፋችሁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ምክንያት ሆኖ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ እኔ ትንሽ ጨመር አድርጌ ነው የምቀቅለው። ድስት የማይገባ ከሆነ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በየሁለት ቀኑ ውሃውን ለውጡ። አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ይሰምጣል፣ አንዳንዱ ሦስት ወር ይፈጃል። መቸኮል ካለባችሁ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በማይዝግ ብሎን እሰሩለትና ጠጠር ሥር ቅበሩት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጨቱ ላይ ነጭ፣ ሙልጭልጭ ያለ ነገር ይወጣል። ሰው ያያታል፣ ይደነግጣል፣ እንጨቱን አውጥቶ ይጥላል። አትጣሉት። ከእንጨቱ የሚወጣውን ስኳር የሚበላ ፈንገስና ባክቴሪያ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ካለ ደግሞ ተሽቀዳድመው ይበሉታል።

አቀማመጡ? የእንጨት ሕጉ ከድንጋዩ ይለያል። ድንጋይ ይከብዳል፣ እንጨት ይሮጣል። ወንዝ ዳር ያለች ዋርካ ወይም ሾላ ሥሯን ስታወርድ አስቡ፤ ወፍራሙ ከላይ ወይም ከድንጋዩ ሥር ይነሳል፣ እየቀጠነ ወደ ውሃው ይዘረጋል። ስለዚህ ወፍራሙን ጫፍ ድንጋይ ሥር ደብቁት፣ ቀጭኑን ወደ ባዶው ቦታ ልቀቁት። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ከአንድ ቦታ የተነሱ ይምሰሉ። የተቆረጠ የመጋዝ ፊት እንዳይታይ፤ ወይ ወደ ኋላ አዙሩት፣ ወይ ሞስ ልጥፉበት። አንድ ትልቅ እንጨት ካላገኛችሁ ከሦስት ትንንሽ አንድ መሥራት ይቻላል። መገጣጠሚያው ላይ ጥጥ ወይም ያልተጨሰ የሲጋራ ፊልተር ትንሽ ጠቅጥቃችሁ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉበት፣ በሰከንዶች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ሲደርቅ ለዓሣ ምንም አይልም። ግን ተጠንቀቁ፤ ጥጥና ሱፐር ግሉ ሲገናኙ በጣም ይሞቃል፣ ይጨሳልም፤ በጣታችሁ አትያዙት፣ መስኮት ክፈቱ። ማጣበቂያው ላይ የድንጋይ ዱቄት ነስንሱበት፣ መገጣጠሚያው ይጠፋል።

ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት የሥራ ነገር አለ፣ ቶሎ ቶሎ ልበል። ይሄ መስታወት ውሃ፣ ድንጋይና አፈር ሲገባበት ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል፤ ጠረጴዛውን መጀመሪያ በውሃ ልክ እዩት። መስታወቱ ላይ ድንጋይ በቀጥታ አታሳርፉ፣ ከሥሩ ስስ ፎም ወይም የፕላስቲክ ወንፊት ይኑር። ትልቁ ድንጋይ ከጠጠሩ በፊት ይግባ፣ ቆፋሪ ዓሣ ከሥሩ ጠጠሩን ቢያወጣበት እንዳይወድቅ። ከፊትና ከጎን ለእጅና ለስፖንጅ ቢያንስ አራት ጣት ቦታ ተዉ። ከድንጋዩ ጀርባ ውሃ የማይደርስበት ኪስ እንዳይፈጠር የፊልተሩ ውሃ ወዴት እንደሚዞር አስቡ፤ ቆሻሻ የሚጠራቀመውና አልጌ የሚጀምረው እዛ ነው።

አሠራሩን ደግሞ እንዲህ አድርጉት። ካርቶን ውሰዱ፣ 60 በ30 አድርጋችሁ ቁረጡት፣ አሸዋ አፍስሱበት፣ ሳሎን ወለል ላይ አድርጉት። መስታወቱን የመስበር ሥጋት የለም፣ እጃችሁ ነጻ ይሆናል። ማታ ሥሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ጠዋት ተነስታችሁ ፎቶውን እዩ። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ እዩት በተለይ፤ ቀለሙ ሲጠፋ ሚዛኑ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስታዩ ቁጭ ብላችሁ በዓይናችሁ ልክ እዩ፣ ከላይ ቆማችሁ አይደለም፤ አኳሪየሙን የምታዩት ቁጭ ብላችሁ ነዋ። አፍርሱ፣ እንደገና ሥሩ። እኔ አሁን ቤት ያለውን አሥራ ሰባት ጊዜ አፍርሼዋለሁ። ፎቶዎቹ ስልኬ ውስጥ አሉ። አራተኛው ቆንጆ መስሎኝ ነበር። ዘጠነኛውን ሳየው አራተኛው ጉልቻ እንደነበረ ገባኝ።

ስለ ቅጠሉ አንድ ብቻ ልበል። ቅጠሉ ትልቅ ከሆነ ተራራው ጠጠር ይሆናል። ፊት ለፊት የጥፍር ያህል ቅጠል ያላቸውን ወይም እንደ ሣር ቀጭን የሆኑትን ትከሉ። እንጨቱ ላይ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ሞስ በክር እሰሩ፤ የአኑቢያስንና የጃቫ ፈርንን ወፍራም ግንድ አፈር ውስጥ አትቅበሩት፣ ይበሰብሳል። ዓሣውም እንደዚያው፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆኑ ዓሦች በመንጋ ሲያልፉ ድንጋዩ ገደል ይሆናል፣ አንድ መዳፍ የሚያክል ዓሣ ሲያልፍ ግን ገደሉ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ከተጠየቅኩት ውስጥ ሁለቱን ልጻፍ።

አንዲት እህት “ስንት ኪሎ ድንጋይ ልግዛ?” አለችኝ። ለዚህ ልክ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይበቃል፣ ግን ለመምረጥ እንድትችዪ 20 ኪሎ ይኑርሽ። 10 ኪሎ ከባድ ድንጋይ ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ የውሃ ቦታ እንደሚወስድም አስቢ፤ መድኃኒት ወይም ማዳበሪያ ስትለኪ ያለሽ ውሃ 65 ሊትር አይደለም። አፈሩና ከላይ የሚተወው ቦታ ሲቀነስ 50 ሊትር ቢሆን ነው።

አንድ ወንድም ደግሞ “የኔ ሞልቶ፣ ዓሣም ገብቶበት ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ምን ላድርግ?” አለ። አሮጌ አፈር አትቆፍር። ከሥሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ ሲነሳ አሞኒያ ይለቅና ዓሦቹን ይጎዳብሃል። መጀመሪያ ቀንስ፤ ከድንጋዮቹ ትንንሾቹን አንድ በአንድ አውጣና ለሳምንት እየው። ከዚያ ውጭ ተሠርቶ ያለቀ፣ ሞስና አኑቢያስ የታሰረበት፣ ቀድሞ የሰመጠ አንድ እንጨት ከአንደኛው ጎን ተደግፎ እንዲቆም አድርገህ አስገባ። አፈሩን ሳትነካ መልኩ ይለወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ማፍረስ ከፈለግክ ካርቶንህን አሁን ጀምር።

በሉ፣ ወሬው ይብቃ። ድንጋዩ ሳፋው ውስጥ ነው፣ ጓንት እዚህ አለ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ኑ፣ ትልቁን መጀመሪያ አንሱ፣ 37 ላይ ምልክት አድርጌላችኋለሁ።